ቆጣሪው መብራት ያጠፋበት እሁድ

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ ይከርምና እሁድ ከሰዓት የታናሽ ወንድሜ ባንድ መድረክ ሲወጣ መብራት ይቆጣጠራል። ባንዱ አምስት ሰው ነው፤ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ነበር የሚጫወተው። አንዱ ሙዚቃ ብቻ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ታዲያ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ምት ንቅንቅ አትልም። ባለቤቴ ኖታ አያነብም፣ በጣቱ ይቆጥራል። በስንተኛው ምት ሰማያዊ፣ በስንተኛው ቀይ እንደሚበራ ሁሉንም በደብተር ጽፎታል። በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴም ተሳስቶ ስለማያውቅ “ቆጣሪው” ይሉታል። እራት ላይ እንኳ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ይቆጥራል፤ በዚህ ስንቴ ተጣልተናል መሰላችሁ!

ያን እሁድ ሳይጀምሩ ባለቤቴ ወንድሜን “አዲስ ነገር አለ እንዴ?” ብሎ ጠይቆት ነበር።

“ያው የድሮው ነው ጋሼ። ወደ ጃዝ ፊውዥን ጠጋ ብለን ትንሽ ፈታ አደረግነው እንጂ።” ጃዝ ፊውዥን የሚሉት እያንዳንዱ ተጫዋች የመጣለትን የሚጫወትበት እንደሆነ ሁለታችንም አላወቅንም።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ፣ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። አጀማመሩ የምናውቀው ነው። ከዚያ ከየት መጣ ያልተባለ ሳክስፎን ገባ። ድራመሩ መምታት ያለበት ቦታ ላይ አልመታም። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ እያለ የፈለገውን ይጫወታል። የባለቤቴ ፊት አመድ መሰለ።

“ምን ነካቸው?”

“ተሳስተው ይሆናላ” አልኩት።

“አምስቱም ባንዴ?”

ግትር ስለሆነ መቁጠሩን አልተወም። ቁጥሩ ደብተሩ መጨረሻ ላይ “አጥፋ” ከሚለው ሲደርስ፣ ወንድሜ ገና ብቻውን የሚጫወተውን ሶሎ ሲያጋግል፣ መብራቱን ድርግም አደረገው። ክው ብዬ ቀረሁ። በጨለማው ውስጥ ሙዚቃው አልቆመም፤ ዝቅ አለ፣ አንዱ ሌላውን እየሰማ፣ በጣም በቀስታ። የባለቤቴ እጅ ማብሪያው ላይ ነው።

“ላብራው?”

“እኔ ምን አውቄ!”

በመጨረሻ አንዲት ሰማያዊ አበራ። ሙዚቃው ተነሳ፣ ሕዝቡም አብሮ ተነሳ።

“አለቀልኝ” አለኝ ደብተሩን እየዘጋ። “ዛሬ ያባርሩኛል።” የዚህ ሰው ደስታ እነዚያ እሁዶች ብቻ ናቸው።

ወንድሜ በላብ ተጠምቆ እየሮጠ መጣና ጥምጥም አለበት። “ጋሼ! አንተም ፈታ ብለሃል ለካ! እንደዛሬ ተደማምጠን ተጫውተን አናውቅም!” ሌሎቹም ተራ በተራ አቀፉት።

ቤት ገባን። ጫማውን ሲያወልቅ “አሥራ ሁለት ዓመት በልኩ ሳጠፋ ጎሽ ያለኝ አለ?” አለኝ።

“የለም።”

“ዛሬ ተሳሳትኩ፣ አቀፉኝ።”

እራት ቀረበ። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብለው ተጋድመዋል። ያን ያህል ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ይኸው መጣ፣ እኔ ግን ፈራሁ።

“በሞቴ” አልኩት፣ “ትንሽ ቁጠር።”