አንድ ማርሽ፣ ከቡታጅራ እንሴኖ

እንሴኖ ላይ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ አስደግፌ የተውኩት ሳይክል ማን እጅ ገባ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

የወንድሜ የኑሪ ነበር፤ ቡታጅራ ወፍጮ ቤት ወዳለው ሥራው የሚመላለስበት። አባቴ ለማላውቀው ነጋዴ ሊድሩኝ ቃል በሰጡ ሰሞን፣ ከሱብሂ አዛን በኋላ ከግቢ ገፍቼ አወጣሁትና ቁልቁል ወደ እንሴኖ ነዳሁት። ቡታጅራ መናኸሪያማ የማያውቀኝ ሰው የለም። እንሴኖ ላይ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በኋላ ለቤት ሰው ስደውል ግን፣ በሰው መኪና ነው የሄድኩት አልኩ።

“በሩን ከፍተሽ ብትሄጂ ሌባ ገብቶ ሳይክሌን ወሰደ” ይለኝ ነበር ኑሪ በስልክ፣ ለዓመታት።

“አላህ ይተካልህ” እለው ነበር እኔ።

ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ፤ ከዚያ ጀርመን ገባሁ። በሠላሳ ዓመቴ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ፤ የሳይክል ጥገና ሙያ ያዝኩ። ጥቁር ዳቧቸው ይጎመዝዛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቆጮ ነው እያልኩ በላሁት። ቆጮ አይደለም፤ ጀርመን ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን የምሠራበት ሱቅ ባለቤት ከካርቦን የተሠራ የተራራ ሳይክል ሰጠኝ። ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ መቀየሪያ የለውም። ዳገት ላይ ፈትነሽ ጻፊልኝ አለኝ። ይዤው ስገባ አከራዬ በር ላይ ቆማለች።

“ሳይክል መኖሪያ ክፍል ማስገባት ፌርቦተን!” ክልክል ማለቷ ነው። “ምድር ቤት ይቀመጥ።”

“የእኔ መኖሪያ ምድር ቤቱ አይደል?”

ትንሽ አሰበች። “እንግዲያው ይግባ።”

ዳገት ካልቀረ የአገሬን ብዬ ለአረፋ ይዤው ቡታጅራ ገባሁ። አክስቴ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

“ሰው ለአረፋ መኪና ይዞ ይገባል፤ አንቺ ማርሽ እንኳ ያልተሟላለት ሳይክል!”

“ፈትኜ ስጨርስ ፍረጂ፣ እትዬ።”

ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣውን ዳገት ሦስት ጧት ወጣሁት። ሳይክሉ ቀላል ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል፤ እውነት ነው። ማርሽ ቀይሮ ማምለጥ ግን የለም፤ ወይ ከኮርቻው ተነስተሽ በሙሉ ክብደትሽ ትረግጪያለሽ፣ ወይ ወርደሽ ትገፊያለሽ። ሁለቴ ገፍቻለሁ። ሜዳ ላይ ደግሞ እግር በከንቱ ይሽከረከራል። ሁሉንም ጻፍኩ። “ሴት ልጅ አይደለሽም? ውረጂ!” ያሉኝን መንገደኞች ግን አልጻፍኩም፤ አልወረድኩላቸውማ።

በአራተኛው ቀን እንሴኖ ወረድኩ። ያ የድሮው ሱቅ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። ስመለስ ኑሪ በር ላይ ጠበቀኝ።

“በሩን ዝጊ፤ ይሄንንም እንዳይወስዱብሽ” አለና ሳቀ።

“ሌባ አልገባም፣ ኑሪ። ሳይክልህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንሴኖ ጥዬው ሄድኩ። ለሳይክሉ አፉ በለኝ። ለመሄዴ ግን ይቅርታ አልጠይቅም።”

ኑሪ የካርቦኑን ፍሬን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ጨበጠ።

“የኔው ፍሬን አልነበረውም እኮ። ያን ቁልቁለት በምን ያዝሽው?”

“በጫማዬ።”

“እና?”

“ሶሉ አለቀ። ደረስኩ።”