በጋሽ በቀለ በር ላይ የተቀባው ቀይ ምልክት

ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት የአጥሬ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ አንድ ወጣት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሶ፣ የቀለም ጣሳ እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ አጥሬ ላይ ቀይ ምልክት ይቀባል። ደሜ ፈላ። ማን እንደላከው አልጠየቅሁም፤ ምንም አልጠየቅሁም። ለበሬ መቀርቀሪያ የማደርገውን ፌሮ መዝዤ ሄድኩበት። ልጁ ዘወር ብሎ ሲያየኝ መሮጥ እንኳ አልቻለም፤ ቀኝ ክንዱን አንስቶ ራሱን ጋረደ። ፌሮው ከነእጄ አየር ላይ ቀረ፤ ይህን አነሳስ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። የመጨረሻው መንፈቅ ዓመት ገና መጀመሩ ነው፤ የካቲት ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ደርቆ አቧራው የሚያስመርርበት ጊዜ። የቃሊቲው መንገድ ላይ የሚግተለተሉት ከባድ መኪኖች የሚያስነሱት አቧራ ጠዋት የምንገዛው ፓስቲ ላይ ሁሉ ያርፋል። ነፋሱ ከቆዳ ፋብሪካው በኩል ከመጣ ደግሞ ፓስቲውን አፍንጫችንን ይዘን ነው የምንበላው። እንዲያም ሆኖ ይጣፍጥ ነበር፤ አሁን የምበላው ሁሉ እንደዚያ አይጣፍጠኝም።

ጓደኛዬ ምትኩ የተማሪዎች ካውንስል ሰብሳቢ ነበር፣ እኔ ደግሞ የተማሪ ፖሊስ አለቃ። የተማሪ ፖሊስ ማለት ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ አርፋጅ የሚይዝና ሰልፍ የሚያስከብር ተማሪ ነው። ሥራችን ስም መመዝገብ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ቀበቶዬን መዳፌ ላይ ጠቅልዬ ነበር በር ላይ የምቆመው። ጠብ ያለሽ በዳቦ የምል ልጅ ነበርኩ፤ አርፋጅ የጠፋ ቀን እጄን ይበላኛል። ምትኩ ሲያየኝ ይስቅብኝ ነበር።

“ይህን ሁሉ የምትገርፈው ደሞዝ ሊከፍሉህ ነው?” ይለኛል።

እሱ ግን ቁጥብ ነው። አባቱ ከፋብሪካ በሳንባ ሕመም ከወጡ ወዲህ ቤቱን የያዙት እናቱ ነበሩ፤ አውቶቡስ ማዞሪያው ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። ጣሪያው የሚቀየረው፣ ታናናሾቹ ከኮንጎ ጫማ የሚላቀቁት፣ ሁሉም ነገር ምትኩ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ተብሎ ተቀጥሯል። ይገባልም፤ ከእኛ መካከል ማትሪክ ማለፉን የሚጠራጠር አልነበረም።

የዚያ መንፈቅ የመጀመሪያ ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ፣ ተመራቂዎች ለሠፈሩ አንድ መልካም ነገር ሠርተው እንዲሄዱ ተናገሩ። ካውንስሉ ተሰብስቦ፣ ከወንዙ አፋፍ ባለው ሠፈር የሚኖሩ አቅመ ደካሞችን ቤት ጭቃ እንድንለስን ወሰነ። ሠፈሩ የጨረቃ ቤት ነው፤ ካርታ የሌላቸው፣ በአንድ ሌሊት የቆሙ ቤቶች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት ምትኩ ብቻውን ሄዶ የሚለሰኑትን ቤቶች ምልክት አደረገባቸው። ትልልቁ ሰው ሥራ ላይ ስለነበር ያገኘው ሕፃናት ብቻ ነው። ቀለሙ ከመረብ ኳሱ ምሰሶ የተረፈ ነበር። ቀይ።

ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ ተሸክመን፣ የጭድ ጆንያ ይዘን፣ ቀይ ጨርቃችንን አስረን፣ እየዘፈንን ወረድን። ከሩቅ ላየን ምን እንደምንመስል አሁን ነው የሚገባኝ። ላይኛው ሠፈር ባለፈው ክረምት የፈረሰው በሮቹ ላይ እንዲሁ ቀይ ከተቀባ በኋላ ነበር። የወንዙ ዳር ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸውን ሳይከድኑ ጠብቀውናል።

መጀመሪያ አንዲት ሴት ኡኡ አለች፤ ከዚያ ከየአጥሩ ጀርባ ድንጋይ ዘነበ። ከፊቴ የነበረው ልጅ አፉን ይዞ ተቀመጠ፣ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል። እኔን ቅንድቤ ላይ አገኘኝና አንድ ዓይኔ ጨለመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሻል። እኔ በአካፋው ጀርባ የቀረበኝን ሰውዬ ትከሻውን አልኩት፣ ሲወድቅ ደገምኩት። ሚስቱ ይሁን እህቱ እንጃ፣ አንዲት ሴት እጄ ላይ ተጣብቃ ነከሰችኝ፤ ጥርሷ አጥንቴ ላይ ሲደርስ ይሰማኝ ነበር። ዶማ የያዙት ልጆቻችንም ዶማቸውን ማንሳት ጀመሩ። ሰው ሳይሞት የቀረው በምን ተአምር እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ምትኩ ባዶ እጁን ወደ አንዱ ምልክት ወዳለበት በር ሄደ። ጋሽ በቀለ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ቤት ነው፤ ሽማግሌው ፌሮ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

“ጋሽ በቀለ፣ እኛ እኮ ቤትዎን ልንለስንልዎት ነው የመጣነው” አላቸው።

“ላይኛው ሠፈርም ልንመዘግባችሁ ነው ብለው ነው የገቡት” አሉና ሰነዘሩ።

ምትኩ ቀኝ ክንዱን አንስቶ ራሱን ጋረደ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ጭራሮ በጉልበት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው።

በፈረስ ጋሪ ጭነን ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው። ወጌሻው ክንዱን እየጎተቱ፣ “ያን ቀይ የቀባችሁት እናንተ ናችሁ? ሠፈሩ እኮ ሊያፈርሱን ነው ብሎ ሲያለቅስ ነው ያደረው” አሉ። ምትኩ እስከዚያ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ችሎት ነበር፤ ይህን ሲሰማ ነው ያለቀሰው።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጁ ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ድንጋይ በከረጢት፣ ናፍጣ በጀሪካን ይዘዋል። “ምራን” አሉኝ። ስለ ቀለሙ ነገርኳቸው፤ የሰማኝ የለም። ጥርሱን ያጣ ልጅ ስለ ቀለም ምን ገዶት? ጥለውኝ ወረዱ፣ ተከትያቸው ሮጥኩ።

ስንደርስ ምትኩ ክንዱ በቀርከሃ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የጋሽ በቀለ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ከወጌሻው ቤት ወደ እናቱ አልሄደም። “ተመለሱ” ሲላቸው የመጀመሪያው ድንጋይ ደረቱን መታው፤ የወረወረው የራሳችን ክፍል ልጅ ነው። ቀበቶዬን ፈታሁ። ወራት ሙሉ አርፋጅ የገረፍኩበት ቀበቶ ነው፤ ያን ቀን ግን በዘለበቱ በኩል ነበር የመታሁት። የራሴን የተማሪ ፖሊሶች ፊታቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ያገኘሁትን መታሁ። ናፍጣ የያዘውን ልጅ ጀሪካኑን እስኪጥል ድረስ ገረፍኩት፣ ከጣለም በኋላ ገረፍኩት። እነሱም ጎድኔን ሰበሩልኝ። ሲደክማቸው እየተሳደቡ ተመለሱ።

በሩ ተከፈተና ጋሽ በቀለ ሁለታችንንም ጎትተው አስገቡን። ቤቱ ውስጥ ከአንድ መደብ በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ብርሃን ያስገባል። የታሰረውን ክንድ ለረጅም ጊዜ አዩት።

“በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?” አሉት።

“በዚሁ በመቱት” አላቸው።

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ። ይቅርታ እንኳ አላሉም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ ብቻ።

ክንዱ ተጣሞ ገጠመ፤ ጣቶቹ እርሳስ መያዝ አልቻሉም። ምትኩ ማትሪክን በግራ እጁ ተፈተነ። መልሱን ያውቀዋል፤ ነገር ግን በእርሳስ የሚጠቁሩት ክቦች ትንንሽ ናቸው፣ የግራ እጁ እርሳስ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈበት ሰዓቱ አለቀ። አላለፈም። ዛሬ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይረከባል፤ ብርጭቆ የሚያነሳው በግራው ነው። የወንዙ ዳር ሠፈርም በኋላ ፈረሰ፤ ጋሽ በቀለ ግን ያን ሳያዩ ነው የሞቱት። ግድግዳቸውን የለሰንነው እኔና ምትኩ ነን፣ በሦስት እጅ።

ለዓመታት እኚያን ሽማግሌ ስጠላቸው ኖሬያለሁ። ልጅ ናቸው ብለው እንዴት አያስቡም፣ እንዴት አንድ ጊዜ አይጠይቁም እል ነበር። አጥሬ ሥር ፌሮ አንስቼ ስቆም ግን ከእኔም አፍ አንዲት ጥያቄ አልወጣም። ሰው ቤቱን ሲነኩበት ከፊቱ የቆመው ልጅ ይሁን ሽማግሌ አይታየውም፤ ቀለሙ ብቻ ነው የሚታየው። ለካ እሳቸውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ለማወቅ ዕድሜዬን ሙሉ ፈጀብኝ።

“ጋሼ፣ የውሃ መስመር ነው” አለ ልጁ። “ቧንቧው በዚህ ያልፋል ለማለት ነው።”

ፌሮውን ጣልኩት።

“በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው?” አልኩት።

ልጁ ግራ ገባው። ራሱ ላይ ያነሳውን ክንድ ገና አላወረደም።

“በዚህ” አለኝ።