ረሃብ የማይሰማት ትርንጎ

«እናንተ ጋ ሰው ምን ይመኛል?»

ይህን የጠየቀኝ ዮናታን ነው፣ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ገና የካሜራዬ ምስል ሳይጠራ። ዮናታን አለቃዬ ነበር፤ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ላሊበላ፣ እንግዳ የጠፋበት ሆቴል መቀበያ ላይ ላፕቶፔን ዘርግቻለሁ። ዋይፋይም ጄኔሬተርም ያለው እዚያ ነው። ቁልፍ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ የሚያስነሳኝም የለም።

ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይላሉ። የእኔ የሥራ ዘመን አሥራ አንድ ወር ነው። ችኩል ነኝ፤ ስድሳ ዓመት እስኪሞላኝ አልጠብቅም። እንደኔ ተመርቆ በኮምፒውተር እሠራለሁ ለሚል ሁሉ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፍ።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ የውጭ አገር ድርጅት የኑሮ ጨዋታ አለው። ተጫዋቹ ሰው ይፈጥራል፣ ቤት ይሠራለታል፣ ያበላዋል፣ ሥራ ያስይዘዋል፣ ይድረዋል። ኢትዮጵያን ሊጨምሩበት አሰቡና ለአዲስ አበባው ቢሮ ሰጡት። ቢሮው ደግሞ «ሰሜኑን» ለኔ ሰጠኝ። የሥራ መደቤ «የባህል አረጋጋጭ» ይባላል። ሰሜን የሚባለው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ብጠይቅ፣ ዮናታን «ያው፣ እናንተ ጋ» አለኝ።

ያን የምኞት ጥያቄ የመለስኩት በቀልድ ነው። ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ፣ እየሳቅሁ፣ እኛ ጋ ሰው ምን ቢጠይቁት ተመስገን ነው የሚል አልኩት። እሱም ሳቀ። ኪቦርዱ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ቀጥሎ ስሜን አደነቀ። ትርንጎ የሚባል ሰው አሁንም አለ ወይ፣ ለገጸ ባሕርይ የሚሆን ስም ነው አለ። እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የሙከራ ቅጂ ይላካል። ገብቼ እየተጫወትኩ ስህተት ስፈልግ እውላለሁ። ያገኘሁትን ከነፎቶው እጽፋለሁ። ስህተት ሦስት ደረጃ አለው። ቀይ ከሆነ ሳይስተካከል ጨዋታው አይወጣም። ቢጫ ጊዜ ካለ ይስተካከላል። ነጭ የግል አስተያየት ነው። እኔ ቀይ ብዬ የላክሁት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይመለስልኛል። በአራት ወር ውስጥ ከበረዶ በላይ ነጭ አይቻለሁ።

የኛን የላስታን ቤት አንዲት የሣር ጎጆ አደረጉት። የኛ አገር የድንጋይ ቤት ክብ ነው፣ ፎቅ አለው፤ ከብቱ ታች፣ ሰው ላይ። ብልባላ ያለውን የአክስቴን ቤት በአራት አቅጣጫ አንስቼ ላክሁ። መልሱ «ፎቅ ተጫዋቹን ያደናግራል» የሚል ነበር። የአዲስ አበባው ገጸ ባሕርይ ግን አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖር። እሱ ማንንም አላደናገረም።

ሥራም እንደዚያው። ሸገር ላይ ሐኪም፣ አብራሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጠበቃ መሆን ይቻላል። እኛ ጋ ሦስት ሥራ ብቻ አለ፤ አስጎብኚ፣ መነኩሴ፣ አህያ ነጂ። ሆቴሉ በር ላይ የሶላር መብራትና የስልክ ቀፎ የሚሸጠው አያ ሰይድ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «እኔንስ ምን በላኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ ሰሜን ውስጥ አንድ እስላም የለም፣ አንድ ባለሱቅ የለም። አብሽር፣ አስገባሃለሁ አልኩት። ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

ድምፁንማ ተዉት። አንዲት የከተማ ተዋናይት የገጠር ቅላጼ ነው ብላ ቃሉን ሁሉ ታንቋርረዋለች። ለእማዬ አሰማኋት። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና፣ ይቺ ልጅ አሟት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

በአምስተኛው ወር የማስራብ ሙከራ ደረሰኝ። ሁሉም ገጸ ባሕርይ የሚያልፍበት ነው። ምግብ ትከለክዪዋለሽ፣ እንቅልፍ ትነሺዋለሽ፣ ከዚያ የስሜቱ መስመር ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲወርድ ታያለሽ። ካልወረደ ስህተት ነው። መጀመሪያ ሳሮን የምትባለውን የአዲስ አበባ ገጸ ባሕርይ ሞከርኳት። ቁርስ ብከለክላት አለቀሰች፣ ምሳ ብከለክላት ሳህን ሰበረች።

ቀጥሎ የላስታዋን ሴት ከፈትኩ። ስሟ ትርንጎ ነው።

ስሜ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ አስራብኳት። ሦስት ቀን። መስመሩ አረንጓዴ። የቤቷን ክዳን ነሳኋት፤ ዝናቡ አልጋዋ ላይ ወረደ። አረንጓዴ። አህያዋን ገደልኩባት። ከጭንቅላቷ በላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «ተመስገን!» ይላል። ጥርሷም አይከደንም። ምኞቷን ስከፍት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «አዲስ አበባ መሄድ»።

ስህተት ሲገኝ ምንጩን መፈለግ ነው ደንቡ። ዋናውን ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ላስታ የሚለው ረድፍ፣ ምኞት የሚለው ዓምድ፤ «ተመስገን» ተብሎ ተጽፏል። ፕሮግራመሩ ይህን አይቶ ምንም የማይጎድላት ሴት አድርጎ ሠርቷታል። የምኞት ዝርዝሯ ባዶ እንዳይሆን አዲስ አበባን የጨመረው ዮናታን ነው። አጠገቡ «የመረጃ ምንጭ» የሚል ዓምድ አለ። የኔ ስም ነው ያለበት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጋር። ስትራብ የምትስቀዋን ሴት የሠራኋት እኔ ነኝ። ስሟም የኔው ነው።

በማግሥቱ ብልባላ ወረድኩ። አክስቴን እትዬ ደብሬን ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው። ምን ይመኛሉ አልኳቸው። ተመስገን ነው እንጂ ምን እመኛለሁ አሉኝ። ውሃ ጠጥቼ ቆየሁና ደገምኩላቸው። ያው ደህና ነን፣ የጎደለውን እሱ ያውቃል አሉ። ሦስተኛ ስጠይቅ ሰፌዱን አስቀመጡትና ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መንግሥት ልኮሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያማ ወፍጮ ነው የምፈልግ። የራሴን። እስከ መቼ ነው በሰው ወፍጮ እህል ተሸክሜ ወረፋ የምጠብቅ? እኔ በሩ ላይ በወንበር ልቀመጥ፣ ሌላው ይሰለፍ። ያ ባለወፍጮው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይሰለፍ።»

በዚያው ሳምንት አሸተን ማርያም ወጥቼ የንስሐ አባታችንን መምሬ ገብሩን ጠየቅሁ። እሳቸውም ሁለቴ ተመስገን ብለው በሦስተኛው ባሕር ማየት አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ባሕር እያሉ ቅኔ ዘርፈዋል፣ አይተውት ግን አያውቁም። አያ ሰይድ በድምፁ መንዙማ መቅዳት ነው የሚፈልግ፤ ወላሂ ድምፄ ያምራል አለኝ። አያምርም፤ ምኞት ግን ምኞት ነው። አዲስ አበባን ማንም አላነሳም።

ለካ እኛ ጋ የመጀመሪያው መልስ ለእግዜር ነው የሚሰጥ። ለጠያቂው የሚደርሰው ቆይቶ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ራሱ መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል፤ «እግሬ ብቻ ተሰብሮ» የሚለው ከብዙ እንዴት ነህ በኋላ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁ። ሠንጠረዥ ሲሰጡኝ ረሳሁት።

ቀይ ብዬ ጻፍኩ። ትርንጎ ሦስተኛ ስትጠየቅ እውነቱን ትናገር፣ መስመሩም እንደ ሰው ይውረድ አልኩ። ዮናታን ደወለ።

«ትርንጎዬ፣ ተጫዋች እኮ ሦስት ጊዜ አይጠይቅም። አንዴ ይጫናል፣ መልሱን ይፈልጋል።»

«እሱማ አንተም እንደዚያው ነህ።»

አልተቀየመም፤ ደግ ሰው ነው፣ ችግሩም ደግነቱ ነው። ውጭ ያሉት ትርንጎን ወደዋታል አለኝ። ስትራብ እንኳ ስለማትነጫነጭ መንፈስ ታድሳለች ብለዋል። የመጨረሻው ስብሰባ ላይ የማጽደቂያውን ቅጽ እንድፈርም ነገረኝ። ከፈረምኩ ውሌ ይታደሳል። ካልፈረምኩ ግን፣ በራሱ አነጋገር፣ «ሌላ ሰሜን እንፈልጋለን»።

ከተመረቅሁ ወዲህ ያገኘሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። እማዬ፣ ልጄ በኮምፒውተር ነው የምትሠራ ብላ ለሰፈሩ ነግራ ጨርሳለች። ስለዚህ ለመፈረም አስቤ ነበር። ልዋሽ አልፈልግም።

የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ውሌ አልታደሰም። ጨዋታው ወጥቷል። ትርንጎ አሁን ሲርባት መስመሩ ይወርዳል፤ ስሟንም ቀይረውታል። ቤቷ ያው ጎጆ ነው። ወፍጮውንም አስገብተውታል፤ የተከሉት ግን አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ባለወፍጮዋ ሳሮን ናት። ከአሥራ አንድ ወሩ የተማርኩት ይኼው ነው፤ መጀመሪያ የሚሰጥሽን መልስ ሠንጠረዥ ላይ አትጻፊ። የራስሽንም ቢሆን።

ስብሰባው እንዲህ ነበር። የውጭ አገሩ ድርጅት ኃላፊ በስክሪኑ ላይ በአንድ ሳጥን፣ ዮናታን በአንድ፣ እኔ በአንድ። ከኋላዬ የቁልፍ መስቀያው ቁልፉን እንደተሸከመ ይታያል። ዮናታን ፈገግ ብሎ፣ ትርንጎ፣ ሁሉም ደህና ነው አይደል አለኝ። አፌ ቀደመኝ። ተመስገን አልኩ።

ቅጹ ስክሪኑ ላይ መጣ። ቅር ያለሽ ነገር የለም ወይ አለኝ። ያው፣ ደህና ነው አልኩ። ሰማችሁ? ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ።

ሴትዮዋ አንድ ወረቀት አነሳች። ነጭ የተደረገው ቀይ ማስታወሻዬ ነው፤ ማን እንደሰጣት እስካሁን አላውቅም። ወደ ካሜራው ጠጋ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ገብቶኛል። ዮናታን ግን ተረጎመልኝ።

«እናንተ ጋ ሰው ምን ይመኛል ነው የምትለው።»

በእንግሊዝኛ መመለስ እችል ነበር። እሱ በራሱ አፍ እንዲለው ስለፈለግሁ በአማርኛ አደረግሁት።

«ትርንጎ ደህና አይደለችም። እርቧታል፣ ቤቷም ያፈሳል። አዲስ አበባ የመሄድ አሳብ የላትም። የራሷን ወፍጮ ተክላ በሩ ላይ መቀመጥ ነው የምትመኝ፤ አንተ መጥተህ ስትሰለፍ ለማየት። ተርጉምላት።»