የኑግ ዘይት የጠጣው ቸርኬ

የኑግ ዘይት ቀለም ውስጥ ጨመርኩ። ሌላ ሰው አድርጎት ቢነግሩኝ ሆዴን ይዤ እስቅበት ነበር፤ ያደረግሁት እኔ ስለሆንኩ ግን ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ኮልፌ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢና አንዲት ትንሽ የጣሊያን መኪና ነበረኝ። የመኪናዋ አራተኛ ይሁን አምስተኛ ባለቤት ነኝ፤ እሷም ይህን ታውቃለች መሰለኝ፣ አንድ ቀን አክብራኝ አታውቅም። ከግቢዬ ዳር ባለችው ክፍል አንድ ልብስ ሰፊ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ከጉራጌ አገር ብቻውን የመጣ፣ ከመኪናው ድምፅ በቀር የእሱ ድምፅ የማይሰማ ሰው። መኪና ስል የስፌቱን ማለቴ ነው።

ይህ ሰው ጥር ላይ ሊያገባ ቀን ተቆርጦለት ሳለ አንድ ማታ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ጋሼ፣ የልጅቱ አክስት ተቆጥተዋል።»

«ምን ብለው?»

«ዘመድ የለው፣ መኪና የለው፣ ልጄን በእግሯ እየነዳ ሊወስዳት ነው ወይ ብለዋል። በእግሩ ከመጣ በሩን አልከፍትም ብለዋል።»

አክስትየዋን በዝና አውቃቸዋለሁ። ጦር ኃይሎች አጠገብ ነው ቤታቸው፤ ምላሳቸው ግን ኮልፌ ድረስ ይሰማል። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ ልጅቱን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አልከፍትም ካሉ አይከፍቱም።

«በእኔ መኪና ትሄዳለህ!» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። የሚነፋ ደረት ያኔ ነበረኝ።

ልብስ ሰፊው ዞሮ መኪናዋን አያት። ጎንበስ ብሎ ጎማዋን ቃኘና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ቸርኬዋን ብቻ ብናጥበው?» አለኝ።

ቸርኬ ማለት ጎማው የሚታቀፈው ብረት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ጎንበስ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። የምትወዱኝ ከሆነ እናንተም አትዩ። የስንት ክረምት ጭቃ ከእበት ጋር ተቦክቶ፣ በግራሶ ታሽቶ፣ በፀሐይ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ይዟል። በዚያ ላይ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እግሩን እያነሳ ፊርማውን ያኖረበት ነው። ሙቅ ውሃ ባፈሰስኩበት ጊዜ የተነሳውን ሽታ በምን ልንገራችሁ? ቁርሴ መንገዱን አስታውሶ ወደ ላይ መጣ። በቢላ ስፍቀው ከውስጡ ፀጉር ያለው ነገር ወጣ። የምን ፀጉር እንደሆነ አልመረመርኩም፤ ለዝንቦቹ ትቼላቸው ወደ ሌላኛው ዞርኩ። ሌላኛው ይብስ ነበር።

ከቅርፊቱ ሥር ያገኘሁት ደግሞ ዝገት ነው። እንግዲህ መቀባት አለበት። ሐሙስ ዕለት ትንሽ ቆርቆሮ ብርማ ቀለም ገዛሁ፤ ጎማውን እንዳይነካብኝ ዙሪያውን ጋዜጣ በሊጥ ለጥፌ፣ መኪናዋን በክሪክ እያነሳሁ አንድ በአንድ መቀባት ጀመርኩ። ገና የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ቀለሙ እንደ ገንፎ ጠጠረ። የቀለም ማቅጠኛ መግዛቱን ረስቻለሁ፤ ሱቁም ተዘግቷል። ታዲያ መሥሪያ ቤታችን ሲታደስ አንድ ቀለም ቀቢ የተልባ ዘይት ሲጨምር አይቼ ነበር። ተልባ ከሆነ ኑግ ምን አነሰው? ሁለቱም ከገበሬ ማሳ የመጡ ናቸው። ይህን የመሰለ ፍልስፍና ፈልስፌ ወደ ማድ ቤት ገባሁና የሚስቴን የዘይት ጠርሙስ ይዤ ወጣሁ።

ቀለሙ ቀጠነ። እንዴት ያለ ልስላሴ! አራቱንም ቀብቼ ስጨርስ ከሩቅ ቆሜ አየኋቸው፤ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራሉ። እጄን እየጠረግሁ ገብቼ ራት በላሁ። ጥፍሬ ብርማ ነው፣ እንጀራው ኑግ ኑግ ይላል፤ ቢሆንም በላሁ።

ዓርብ ጠዋት ሚስቴ የጠርሙሱን ቂጥ እያየች ወጣች።

«የጾም ወጤ ዘይት የት ገባ?»

በአገጬ ወደ መኪናዋ ጠቆምኳት። ሄዳ አየች። ቀለሙ አልደረቀም፤ በላዩ ዝንብ ተለጥፎ፣ ግማሹ ሞቶ ግማሹ እግሩን ያወራጫል። አንድ የጎረቤት ውሻ ተኝቶ የኋላውን ቸርኬ በእርጋታ ይልሳል። ምላሱ ብርማ ሆኗል።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀለም ቀባህ ወይስ ለውሻ ወጥ ሠራህ?»

«ፀሐይ ያደርቀዋል» አልኳት።

ፀሐይ አላደረቀውም፤ አሞቀውና ሽታውን አወጣው። ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩ ሴቶች ለሰርጉ ዶሮ ሊሠሩ እኔ ግቢ ተሰበሰቡ። ዶሮውን በፈላ ውሃ እየነከሩ ላባውን ይነጫሉ፤ የጥር ነፋስ ላባውን እያነሳ ወዴት እንደሚወስደው መገመት ትችላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቸርኬዎቼ ላባ አበቀሉ። ቤንዚን በጨርቅ ነክሬ ልጠርግ ብል፣ ዝንቡም ላባውም ቀለሙም አብረው ተቦክተው ግራጫ አጥሚት ሆኑ። ጨርቁ ከእጄ አልላቀቅ አለ። ልጥለው እጄን ሳራግፍ አንድ እርጥብ ላባ አፌ ውስጥ ገባ። ጣዕሙን ዛሬም አልረሳሁትም፤ መርሳት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ሌላ ፍልስፍና መጣልኝ፤ አመድ። አመድ እርጥብ ነገር ይመጥጣል አይደል? ከምድጃ አፍሼ አራቱም ላይ ነሰነስኩበት። እውነትም ብርሃኑ ጠፋ። ከሥሩ ግን ሙጫው እንዳለ ነው፤ ቸርኬው ታሞ የሰነበተ አህያ አፍ መሰለ። ልብስ ሰፊው አዲሱን ሱፉን በክንዱ ይዞ ቆሞ ያያል። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

እሑድ ሙሽራውንና አንደኛ ሚዜውን ጭኜ ሄድኩ፤ የቀሩት በእግር ተከተሉን። የኮልፌ መንገድ የያዘውን አቧራ ሁሉ መረቀልን። እንደምታውቁት የሙሽራ ወገን በሩን ይዞ አናስገባም ማለቱ ጨዋታ ነው። እዚያ በር ላይ የቆሙት አክስት ግን አልተጫወቱም። ልጃገረዶቹ እያጨበጨቡ ሲዘፍኑ፣ እሳቸው ሰዉን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ወጡና መኪናዋን ዞሯት። ከኋላው ቸርኬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው፣ እትዬ።»

«ቀለም ላባ ያበቅላል?»

ጭብጨባው ቆመ። ሙሽራው ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እሳቸው ግን እሱን አላዩትም፤ እኔን ነው የያዙት። «ድሃ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉ፤ «የሚያስፈራውስ ወዳጁ ኖሯል! ልጁ የሰው ፊት አይቶ መኪና ለመነ፣ አንተ ቄራ ይዘህ መጣህ? ባትመጣ ምን ነበረበት? በእግሩ ቢመጣ ይሻለው ነበር!» ይህን ሲሉ በሩን ማን ይያዘው? ሁሉም እኔ ስሰደብ ለማየት ወጥቷል። ሚዜው ብልህ ነው፤ ሙሽራውን በክንዱ ይዞ በባዶው በር ሰተት አደረገው። ቁጣቸውን በሙሉ እኔ ላይ ስለጨረሱት ለሙሽራው የተረፈ አልነበረም።

ሙሽራይቱ ወጣች። ቬሎውን የሰፋላት ባልዋ ራሱ ነው፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ መሬት የሚጠርግ። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ስለሆነች ከኋላ ለመቀመጥ የግድ ቸርኬው አጠገብ መጠምዘዝ አለባት። ልክ እግሯን ስታነሳ ነፋሱ ቬሎውን ወደዚያ ወደ ተረገመ ብረት ወሰደው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አክስትየዋ ተንበርክከዋል፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው መንጭቀው ቸርኬውን ጥምጥም አድርገው ሸፍነውታል።

«ግቢ፣ የኔ እናት። አትዪው» አሏት።

ገባች። ቬሎው አንድ ነጥብ አልነካውም። አክስትየዋም ነጠላቸውን ሲስቡት አልመጣም፤ በኋላ ቁስል ላይ እንደ ደረቀ ጨርቅ ጥጥጥ እያለ ተላቀቀ። ዝንብ፣ ላባ፣ አመድ፣ ብርማ ቅባት፣ ሁሉም ተገልብጦ ነጠላው ላይ ታትሟል። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ በመስኮቱ በኩል ጭኔ ላይ ጣሉት።

«ነጠላዬን እንደ ነበረች አድርገህ ታመጣታለህ። ንዳ አሁን!»

ሚስቴ በሳሙና ቀቀለችው፤ በቤንዚን አሸችው። ላባው ለቀቀ፣ ኑጉ አልለቀቀም። አዲስ ገዝቼ ብወስድላቸው፣ «የሰው ነጠላ ምን ያደርግልኛል? የኔን ነው ያልኩህ» ብለው መለሱኝ። ልብስ ሰፊውና ሚስቱ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ ነጠላው ግን ዛሬም እኔ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ቤቱ ይሸታል። አክስትየዋ ከእኔ ብዙም አይበልጡም፣ ጤነኛ ናቸው። ባለፈው ልቅሶ ቤት አጠገባቸው አስቀመጡኝና በሹክሹክታ፣ «ነጠላዬስ?» አሉኝ።

«እየታጠበች ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።