ፔጆዋ ለምን ሰነፈች

ጋሽ አምደሚካኤል በሰው አገር፣ ብሬብሩክ ውስጥ መኪና ሲጠግኑ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ የአገር ልጅ የታመመ መኪናውን እየጎተተ በራቸው ድረስ ያመጣ ነበር። አንድ የማይወዱት ነገር ቢኖር የሚደብቅ ደንበኛ ነው። «ዘይት መቼ ቀየርክ?» ሲሉት ዓይኑን ሰበር ካደረገ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» ብለው ያፈጡበታል። የራሳቸውን መኪና በሽታ ግን ከዓመት በላይ ለጎረቤት እንኳ ሳይተነፍሱ ይዘው ተቀመጡ። ለሰው የሚመክሩት ምክር ለራስ ሲሆን ይመራል።

መኪናዋ የሰባዎቹ ፔጆ ናት፤ ክሬም ቀለም፣ አውቶማቲክ። ድሮ ነዳጇን እስከ ወለሉ ሲረግጡላት ማርሽ ቀንሳ፣ አጓርታ ወደፊት ትወረወር ነበር። ባለቤታቸው አጸደ አጠገባቸው ተቀምጣ የበሩን እጀታ ጨምድዳ «ኧረ በሥላሴ!» ትላለች፤ እሳቸው ይስቃሉ። አጸደ ካረፈች ዓመት ከሁለት ወር ሆናት።

እሷ በታመመችበት ጊዜ ከቤት ሆስፒታል በከተማው መንገድ ብቻ ስለሚመላለሱ፣ የፔጆዋን ስንፍና ልብ አላሉትም። ያወቁት ከአርባዋ በኋላ ነው። ፖይንት ኩክ ወደምትኖረው ልጃቸው ወደ ኤደን ሲሄዱ፣ ፍሪዌይ መግቢያው ላይ ቢረግጡ ቢረግጡ መኪናዋ አልሰማ አለች። ከኋላ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ለጥቂት ስቷቸው አለፈ።

ያን ቀን ኤደን ልጇን ሩታን በዚያች መኪና አላሳፍርም አለች። በቀደም ደግሞ ደወለች። «አባዬ፣ ሰኞ መጥቶ ፔጆዋን የሚወስድ ሰው ቡክ አድርጌያለሁ። ባስ አለ፣ ትሬን አለ።»

መኖሩንማ አለ። እሑድ እሑድ ሁለት ባስና አንድ ትሬን ነው፤ የጋሽ አምደሚካኤል ጉልበት ደግሞ ደረጃ አይወድም። ኤደን በሺፍት ስለምትሠራ በወር አንዴ ብቅ ካለች ትልቅ ነገር ነው። ፔጆዋ ከተወሰደች የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በስልክ ብቻ ሊሆን ነው።

ያልነኩት ነገር የለም። ካንዴላዎቹን ቀየሩ፤ የነዳጁን ፊልትሮ ቀየሩ። ካርቡራተሩን በትነው፣ አጸደ ትቀመጥበት በነበረው የምግብ ጠረጴዛ ጎን ዘርግተው አጠቡት። የካምቢዮውን ዘይት አሸተቱ፤ አልተቃጠለም። ፍሬኑ ይዞ እንደሆነ ብለው ጎማዎቹን አንስተው አሽከረከሩ። ኮፈኑን ከፍተው የነዳጁን ክንድ በእጃቸው ሲስቡት ሞተሩ እንደ ጎረምሳ ይፎክራል። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ እንግዲያው የሞተው ካምቢዮው ነው» ብለው ፈረዱ። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባል የለ!

ይህ ምርመራ የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ጀማሪ መካኒክም ያውቀዋል። አንዱ ገብቶ ይረግጣል፤ ሌላው ካርቡራተሩ እስከ መጨረሻው መከፈቱን ያያል። ለጋሽ አምደሚካኤል ስትረግጥላቸው የኖረችው አጸደ ነበረች። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ማስቀመጥ ሞት ሆነባቸውና በእጃቸው እየሳቡ ዓመቱን ጨረሱ።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤታቸው እታገኘሁ ባዶውን የቆሻሻ ቢናቸውን ከመንገድ እየጎተተች ገባች። ማንም ሳያዛት በየሳምንቱ የምታደርገው ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬም ከፔጆዋ ጋር ነዎት?»

«ሰኞ ይወስዱብኛል» አሉ። ከዚያ ሳያስቡት «እስቲ ግቢና ነዳጇን ርገጪልኝ» አሏት።

ገባች። እሳቸው ኮፈኑ ሥር አጎነበሱ።

«ርገጪው!»

«ረገጥኩት!»

«እስከ ወለሉ!»

«ወለሉ ነው እኮ ጋሼ!»

ካርቡራተሩ ግማሽ ላይ ቆሟል። «ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉ ተቆጥተው።

ቀና ቢሉ እታገኘሁ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብላ ሞኬቱን ትዳብሳለች።

«በሞትኩት! ይህን ነገር እስከ ዛሬ አላወጡትም?»

ሞኬቱ ሲነሳ፣ ልክ ከነዳጅ መርገጫው ሥር፣ እጥፍጥፍ ያለ የጋቢ ቁራጭ ተገኘ፤ ዳር ዳሩ በነጭ ክር ተዘምዝሟል። የማን ስፌት እንደሆነ ጋሽ አምደሚካኤል ወዲያው አወቁት።

«ለአጸደ መርፌው ላይ ክሩን ያስገባሁላት እኔ ነኝ» አለች እታገኘሁ። «ዓይኗ ደክሞ ነበር። መኪናዋ ስትወረወር አጥንቴን ታደቀዋለች አለችኝ። ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም ብላት፣ ‹ተይ፣ የሚስቀው እሷ ስትወረወር ብቻ ነው› አለች። እኔ ደግሞ አውጥተውት ነበር የመሰለኝ። እርስዎም ምንም አላሉኝ።»

ጋሽ አምደሚካኤል በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ የሆስፒታል ቀናት፣ አጸደ ትንሽ ትስቅልኝ ብለው፣ ፔጆዋን ሆን ብለው ወርውረዋታል። እሷም «ኧረ በሥላሴ» ብላለች። ጨዋታ መስሏቸው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ…» ብለው ጀመሩና መጨረስ አቃታቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ፖይንት ኩክ ተነሡ። ፍሪዌይ መግቢያው ላይ እስከ ወለሉ ረገጡ። ፔጆዋ ማርሽ ቀነሰች፣ አጓራች፣ ተወረወረች፤ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ከኋላ ቀሩ። ሳቃቸው መጣ። ወዲያውም ጆሯቸው ወደ ግራው፣ ወደ አጸደ ወንበር ሄደ። ወንበሩ ላይ የታጠፈው የጋቢ ቁራጭ ብቻ ነበር። «ይቅር በይኝ» አሉት፣ ጮክ ብለው።

ኤደን ፔጆዋ ግቢዋ ውስጥ ስታጓራ ሰምታ ወጣች። የሰኞው ሰው ተሰረዘ። ሩታም ከአያቷ ጋር መንደሩን አንዴ ዞረችባት፤ በጣም በዝግታ።

ሲመሽ ወደ ብሬብሩክ የተመለሱት ፍሪዌዩን ትተው በከተማው መንገድ ነው፤ አጸደን ከሆስፒታል ሲያመጧት እንደነበረው፣ ቀስ ብለው። ቤት ሲደርሱ ጨልሟል፤ ለምን ዘገየህ የሚላቸው አልነበረም።