ጭብጨባው የበላው ጊዜ

ሸሚዞቹን መተኮስ። የረጠበውን ካፖርት ማድረቅ። ከጭፈራ ጫማዎቹ ሶል ሥር ያለውን ማንኳኪያ ብረት ማጥበቅ። ነጩን ልብስ ከመድረኩ ጎን፣ በጨለማው ጥግ፣ በአለባበሱ ቅደም ተከተል መደርደር። ተዋናዩን ማስወለቅ፣ ማልበስ፣ ወደ መድረኩ መመለስ።

ወይዘሮ ዊልማ ካስቴላኖ በብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖሩበት ሥራ ይህ ነበር። አሁን የሚታየው ትርኢት ከአንድ የድሮ የሆሊውድ የዘፈንና የጭፈራ ፊልም የተወሰደ ነው፤ ፊልሙ ለመድረክ ሲዘጋጅ ይህ ሁለተኛው ነው፤ በሁለቱም አልባሿ እርሳቸው ናቸው።

በፊልሙ ላይ ጀግናው ዝናብ የመታው ካፖርት እንደለበሰ በአንዱ በር ይገባና በሌላው ነጭ ለብሶ ይወጣል። ለፊልም ቀላል ነው፤ መቀስ ይቆርጠዋል፣ ሙጫ ይቀጥለዋል። በመድረክ ላይ ግን በሁለቱ በሮች መካከል ያሉት የወይዘሮ ዊልማ እጆች ብቻ ናቸው። ኦርኬስትራውም አይጠብቅም።

ጀግናውን የሚጫወተው ወጣት፣ ብሬንዳን ላስኪ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ወጣ፤ በሁለተኛው ሸሚዙ እንኳ አልተቆለፈም ነበር። የቤቱ ልማድ የታወቀ ነው፤ በሰዓቱ ያልወጣ ተዋናይ በማግስቱ ለሠራተኛው ሁሉ ዶናት ይገዛል። መግዛት ጥፋትን ማመን ነው። ብሬንዳን አልገዛም።

«እማማ ዊልማ ይግዙ እንጂ!» አለ በሠራተኛው ፊት። «ጣቶቻቸው ጡረታ ወጥተው እርሳቸው ብቻ ቀርተዋል።»

ሰዉ ሳቀ። የወይዘሮ ዊልማ ፊት ቀላ።

«አንተ ልጅ፣ ጨፍረህ ስትጨርስ ቆመህ ጭብጨባ የምትለቅመው በእኔ ጊዜ ነው!»

«ታዲያ የሚያጨበጭብልኝን ሕዝብ ጥዬ ልሩጥ? በፊልሙ ላይ ሰውየው ሮጠ?»

«በፊልሙ ላይ ማን አጨበጨበለት?»

«በቃችሁ!» አለች የመድረክ አስተዳዳሪዋ ናዲን። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዊልማ፣ መዘግየቱ አንድ ጊዜ ከተደገመ ሌላ አልባሽ ይሰጠኝ ብሏል። እምቢ የምልበት ምክንያት የለኝም» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ዊልማ ሸሚዙን ዘርግተው በጨለማ ውስጥ ሲጠብቁ፣ ሌላውን ሁሉ ደስ የሚያሰኘው ጭብጨባ እርሳቸውን ያንገበግባቸው ጀመር። እያንዳንዱ ጭብጨባ እንጀራቸውን ይቆርስባቸው ነበር።

ረቡዕ በቀትሩ ትርኢት ሰዓት ከባድ ዝናብ ጣለና አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ብሬንዳን ጨፍሮ ሲጨርስ ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበና ዝም አለ። የሚለቅመው ስላጣ ወዲያው ገባ። ወይዘሮ ዊልማ እንደ ሁልጊዜው አስወለቁት፣ አለበሱት፣ ቆለፉለት። የመውጫው ሙዚቃ ገና አልደረሰም ነበር። ብሬንዳን በሩ ሥር ቆመ። አንገትጌውን ነካ፤ ተስተካክሏል። ጫማውን አየ፤ ታስሯል። ዞሮ አያቸው።

«ምነው፣ ጡረተኞቹ ፈጠኑብህ?» አሉት በሹክሹክታ።

ሙዚቃው ሲጠራው ወጣ። ትርኢቱ ሲያልቅም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ጭራሽ ሰላምታውን ነሳቸው። ወይዘሮ ዊልማ እንደተናደዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ሲያጨበጭብ ብሬንዳን አንድ ጊዜ ብቻ እጅ ነሥቶ ሮጦ ገባ። ከትርኢቱ በፊትም በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ የዶናት ካርቶኖች ተደርድረው ተገኝተው ነበር፤ ለዘገየባቸው ለሁለቱም ቀናት፣ ለሠራተኛው ሁሉ። ዕዳው ሙሉ በሙሉ ተከፈለ።