ጫጫታ ያለው አዳራሽ

አማቴ ያረጁት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ፋብሪካው ጡረታ ሲያወጣቸው ግማሽ ጆሯቸውን አስቀርቶባቸዋል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት ጎረቤት የራሱን መክፈት አያስፈልገውም፤ ዜናውን ከኛ ይሰማል። እኔ ልጃቸውን ያገባሁ ሰው ነኝና አፌን ይዤ እኖራለሁ።

በዚያ ክፍል ማሽኖቹ ከተነሱ ሰው ቢጮህም አይሰማም ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ በከንፈር ያወሩ ነበር፤ ድምፅ ሳያወጡ፣ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ከማሽን ማሽን። ሐሜቱም፣ የባል ስሞታውም፣ የልጅ ሕመሙም እንዲሁ ነበር የሚያልፈው። አለቃቸው መሃል ቆሞ እሱኑ ሲቦጭቁት አያውቅም። ከአማቴ ማሽን ትይዩ የልብ ጓደኛቸው ይሠሩ ነበር። ቁመታቸው መለሎ ስለሆነ ቀጭኔ ይሏቸዋል፤ እኔ ፊት ለፊት በዚህ ስም ልጠራቸው አልደፍርም። አማቴ እንደሚሉት፣ ዕድሜ ልካቸውን ከባላቸው ይልቅ ከቀጭኔ ጋር ብዙ አውርተዋል።

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሴቶቹ በየዓመቱ ሆቴል ተከራይተው ይገናኛሉ። ባለፈው ዓመት የተገናኙት መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ ኮሽታ የማይሰማበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የቀጭኔ ጆሮ ያኔ ጨርሶ ሄዷል። የገዛ ድምፃቸውን ስለማይሰሙት፣ ከጎናቸው ለተቀመጠችው ብቻ ያሉትን የቤታቸውን ገመና አዳራሹ በሙሉ ሰማው። ሳቅ ሆነ። ቀጭኔ ምግቡን ሳይቀምሱ ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ተከተቱ። አማቴ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ የቀጭኔ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝታለች» ትላለች። በስልክ እንዳያዋሯቸው፣ ስልክ ለማይሰማ ሰው ምን ይሠራል?

ዘንድሮ አዳራሽ የመምረጡ ተራ የአማቴ ሆነ። መኪናው የኔ ነውና ተራው የኔም ሆነ ማለት ነው። ከሥራ ስወጣ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ ሆቴል ለሆቴል መንከራተት ጀመርን። አንዱን ጨለመ አሉት። አንዱ ምሰሶ በዛበት፤ ሰውና ሰው አያስተያይም። አንዱ ጋ አስተናጋጁ «እዚህ እኮ ዝንብ ስትበር ይሰማል» ብሎ ሲያሞግስ ሳይጨርስ ጥለውት ወጡ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና የሚዳረው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀልዴን አልሳቁለትም።

«ናፈቀችኝ» አሉኝ። «ያለሷ ብንሰበሰብ ለኔ ምኔ ነው? የምትመጣበት ቤት ካላገኘሁ እኔም አልሄድም።»

ሌላ ቀልድ አልሞከርኩም።

በማግስቱ ባየነው ሆቴል የአዳራሽ ኃላፊዋ ያላትን ያማረ ክፍል ሁሉ አሳየችን። አማቴ በሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ልንወጣ ስንል ምድር ቤት ያለ አንድ በር ራሳቸው ከፈቱ። ትርፍ ወንበር የተከመረበት፣ መብራቱ እንደ ቀን የሆነ ሰፊ ክፍል ነው። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ ላውንደሪው አለ። የአንሶላ ማጠቢያዎቹ ሲዞሩ ክፍሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊዋ ይቅርታ መጠየቋ ይመስለኛል፤ አፏን አየሁ እንጂ ድምጿን አልሰማሁም። አማቴ ጫማቸውን አውልቀው ወለሉን በባዶ እግራቸው ረገጡት። ፊታቸው እንዲህ ሲፈካ አይቼ አላውቅም።

ደረጃው ላይ ስንደርስ፣ እዚያ ውስጥ ማን ማንን ሊሰማ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ማንም ማንንም አይሰማም» አሉ። «የማትሰማው እሷ ብቻ መሆኗ ይቀራል።»

ከዚያው በቀጥታ ቀጭኔ ቤት ሄድን። ልጃቸው የለመደችውን ልትል አፏን ስትከፍት አማቴ በጎኗ አልፈው ገቡ። ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ቀጭኔ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡና መንገዱን ሙሉ በመስኮት ሲያዩ መጡ።

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ አልገባም ብለው ቆሙ። አማቴ ክፍሉን አቋርጠው ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ሄዱና አፋቸውን አንቀሳቀሱ። ቀጭኔ ወለሉን አዩ፣ ቀና አሉ፣ መለሱ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! እጅ ይወናጨፋል፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ከአፋቸው ትንፍሽ የሚል ድምፅ ግን አይወጣም። እኔ አንዲት ቃል አልገባኝም።

ድንገት ማሽኖቹ ቆሙ።

ቀጭኔ ያወቁት በእግራቸው ነው። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑና ድምፃቸው ወጥቶ የሰማሁባቸው መስሏቸው በድንጋጤ አዩኝ። ምንም እንዳልሰማሁ ልነግራቸው እጄን አወዛወዝኩ። አላመኑኝም። ቦርሳቸውን አነሱ።

አማቴ በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ወደ ላውንደሪው ሮጡ፤ ተከተልኳቸው። አጣቢው ሰውዬ የዕለቱ አንሶላ አልቋል፣ ባዶ ማሽን አላስነሳም አለ። አማቴ ሹራባቸውን አወለቁና ዘረጉለት።

«ይቺን እጠብልኝ።»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ንጹሕ ነው።»

«አልጠራም» አሉ።

ሰውዬው ለአንዲት ሹራብ ያንን የሚያህል ማሽን እንደማያስነሳ ገና ማስረዳት ሲጀምር ጃኬቴን አወለቅኩ። ሚስቴ ጠዋት ተኩሳ የሰጠችኝ ናት።

«የኔንም ጨምርበት» አልኩት።

ሁለታችንን በየተራ ካየ በኋላ ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለን።

ስንመለስ ቀጭኔ ደረጃው ሥር ደርሰዋል። ወለሉ እንደገና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባሉበት ቆሙ። ወደ አማቴ ዞሩና በከንፈራቸው አንድ ነገር አሏቸው። አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው አለቀሱ።

ወደ ቤት ስንገባ ምን እንዳሏቸው ጠየቅኳቸው።

«‹የቱ ጋ ነበር ያቆምነው?› ነው ያለችኝ» አሉ።